ላፕቶፑ ማዳመጫውን አላውቅህም ያለ ዕለት

የቢሯችንን ቃለ ጉባኤ የምትጽፈውን ሴት «ካዝና» ነበር የምንላት። የኃላፊዎች ስብሰባ ሁሉ በመቅረጫ ይቀዳል፤ እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከቅጂው ትጽፋለች። ማን ሊዛወር እንደታሰበ፣ ማን ለእድገት እንደታጨ፣ ማን ስብሰባ መሀል እንቅልፍ እንደጣለው ከማናችንም በፊት ታውቃለች። ብትለምኗትም ብታባብሏትም ከሆዷ አንዲት ቃል አትወጣም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከእሷ ፊት ለፊት ስለሆነ ፊቷን ለማንበብ ያልሞከርኩበት ቀን የለም።

«ዛሬ ፊትሽ ጠቁሯል፤ ስሜን ሰማሽ እንዴ?» እላታለሁ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» ትለኛለች። አለቀ።

አንድ ጠዋት ታዲያ እንደ ልማዷ ማዳመጫዋን ላፕቶፑ ላይ ሰክታ ቅጂውን ስትከፍት፣ የአለቃችን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መግባቱን ትቶ በስፒከሩ ወጥቶ ቢሮውን ሞላው።

«አሁን ሥራ የሚያጓትቱትን ሰዎች በስም እጠራለሁ!»

ሁላችንም እስክሪብቶ አስቀመጥን። ካዝና ግን እሳት እንደነካት ዘላ ድምፁን ዘጋችው።

«ከዚያስ? እነማንን ጠሩ?» አለ ወረቀት ሊያስፈርም ገብቶ የነበረው ሾፌር።

«ከዚያማ ውሃ ጠጡ» አለችው።

አለቃችን በሌሉበት «ነጎድጓድ» ነው የምንላቸው። ቃለ ጉባኤውን ከምሳ በፊት እፈልጋለሁ ብለዋታል። እሳቸው እፈልጋለሁ ካሉ ደግሞ ቀልድ የለም።

ማዳመጫውን ነቅላ ስልኳ ላይ ሰካችው፤ ጥርት አድርጎ ያሰማል። መልሳ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው፤ ወይ ፍንክች! የድምፅ ማስተካከያውን ብትከፍት «ስፒከር» የሚል ብቻ ተጽፏል፤ ማዳመጫ የሚባል ነገር ዓለም ላይ የተፈጠረም አይመስል። ለኮምፒውተር ባለሙያው ደወለች።

«አጥፍተሽ አብሪው» አላት።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።»

«እንግዲያው በደንብ አጥፊው።»

በደንብ ማጥፋት እንዴት እንደሆነ ልትጠይቀው ስትል ስልኩ ተቋረጠ። ምክር ከየጠረጴዛው ይዘንብ ጀመር። እኔ «እፍ በዪበት» አልኳት፤ እፍ አለችበት። አንዷ «ገልብጠሽ መታ መታ አድርጊው» አለቻት፤ ከቁልፎቹ መሀል የብስኩት ፍርፋሪ ረገፈ እንጂ የመጣ ለውጥ የለም። ሾፌሩ «ሞቆት ነው፣ ትንሽ ይረፍ» አለ። ለእሷ አዝነን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቅጂው ለሙከራ በተከፈተ ቁጥር ስሞቹ ያመልጣሉ ብለን ጆሯችንን አቁመናል።

ይህ የገባት ካዝና ላፕቶፑን ብብቷ ስር ሸጉጣ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው እቃ ቤት ገባች፤ ከውስጥም ቆለፈች። የማይሠራውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፋችው፤ ጆሮዋ ካልተሸፈነ ጣቷ አይታዘዝላትም። ጆሮዋ ተሸፍኖ ደግሞ ድምፁ ራቀባት፤ ስለዚህ እስከ ጥግ ከፈተችው። ይህን በኋላ ነው የነገረችን።

ኮሪደሩን ትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ከተቆለፈው እቃ ቤት ውስጥ አለቃ እየጮኹ ነው።

«በሩ ሁሉ ተዘግቶብናል! መውጫው የት ነው? ታፍነን እስክናልቅ ነው የምትጠብቁት?»

ስለ በጀት መናገራቸው ነበር፤ እሷ በምን ትወቅ? መወልወያዋን ጥላ «ኧረ የሰው ያለህ! አለቃ እቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል!» እያለች ሮጠች። ጥበቃው ደረሰ። እኛም ተከተልን።

«አይዞዎት ጌታዬ፣ ደርሰናል!» አለ ጥበቃው በሩን በትከሻው እየገፋ።

«ሁልጊዜ ደርሰናል፣ ደርሰናል! የታለ ታዲያ?» አሉ ከውስጥ።

«እየገፋሁ ነው ጌታዬ!»

«አቅም የሌለው ሰው ቦታውን ይልቀቅ!»

ጥበቃው ፊቱ ዳመነ። «ብረት እኮ ነው ጌታዬ» አለ ቅስሙ ተሰብሮ።

«ምንድን ነው ይሄ ግርግር?» አለ ከኋላችን ያው ድምፅ። ዞር ስንል አለቃ ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እቃ ቤት ውስጥ...» ብሎ ጀመረና ጥበቃው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

በዚህ መሀል ቅጂው ውስጥ ስብሰባው አለቀ። ወንበሮች ሲንኳኩ፣ ሰዎች ሲወጡ ተሰማ። መቅረጫውን ግን ያጠፋው የለም። ስልክ ጠራ። ከዚያ ያ ነጎድጓድ ድምፅ ማር ሆነ።

«አቤት እታለም... አዎ፣ እርጥቡን ፎጣ አልጋ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ... ረስቼ ነው... አይለምደኝም... ኧረ ካልሲዎቹንም አነሳለሁ... እሺ እታለም፣ አይለምደኝም አልኩሽ እኮ!»

ሾፌሩን ሳል የመሰለ ነገር አመለጠው። እኔ ጉንጬን ነክሼ ጣሪያውን አየሁ። አለቃ እንደ በርበሬ ቀልተው ራሳቸው በሩን ደበደቡት። በስንት ድብደባ ካዝና ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ ከፈተች፤ የሰዉን ብዛት አይታ «እሳት ተነሳ?» አለች።

አለቃ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ላፕቶፑን ተቀብለው ካርቶን ላይ አስቀመጡት። «አጥፊው መጀመሪያ» አሏት። እኔን ደግሞ «አንተ፣ በስልክህ አብራልኝ» አሉኝ። በላፕቶፑ የማዳመጫ ቀዳዳ አጮለቁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ ሲጎረጉሩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም፣ «እናት አላውቅም፤ ያሳደገችኝ እታለም ናት» አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም።

ከቀዳዳው የተጠቀጠቀ ሰማያዊ የሱፍ ክር ወጣ። ካዝና ሹራብ ትሠራለች፤ ክሩንና ላፕቶፑን በአንድ ቦርሳ ነው የምትይዘው። ማዳመጫው ጫፉ እስከ መጨረሻ ስላልገባ ነው ለካ ላፕቶፑ አላውቅህም ያለው። አብርታ ስትሰካው ቀጭ ብሎ ገባ፤ «ማዳመጫ» የሚል ጽሑፍም ብቅ አለ።

አለቃ መርፌ ቁልፉን መልሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እ... ያ የመጨረሻው ክፍል... ቃለ ጉባኤው ላይ...»

«አጀንዳ ስላልነበረ አልጽፈውም ጌታዬ» አለች ካዝና ፈርጠም ብላ።

አለቃ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ ስናያቸው የመጀመሪያችን ነበር፤ ጥበቃው ደንግጦ ሰላምታ ሰጠ። እሷ ግን ማዳመጫዋን ደፍታ መጻፍ ጀምራለች።