ለፎቶ የሰፋሁት ማስክ

ባለፈው እሁድ በጣና ዳር ሳልፍ አቶ ገረመውን አየኋቸው፤ ችግኝ ይተክላሉ። መትከል እንኳ አይባልም። ጉድጓዱን ሌላ ቆፍሮ፣ አፈሩን ሌላ መልሶ፣ እሳቸው በነጭ ጓንት ቅጠሏን ያዝ አድርገው ካሜራው እስኪጨርስ ጎንበስ አሉ። በሰው ወርቅ መድመቅ ልማዳቸው ነው። "ወይ አለማፈር!" አልሁ ለብቻዬ። ግን ምን አፍ አለኝ? ኮሮና በገባ ሰሞን እኔም የእሳቸው ጭፍራ ነበርሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ቤት ተቀምጫለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አቶ ገረመው የሰፈራችን የእርዳታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩና አንድ ጣቃ አቡጀዴ ይዘው መጡ። "ለሐይቅ ዳር ምስኪኖች ማስክ ስፉ፤ በነጻ፣ ለጽድቅ" አሉን። ጨርቁንም የለገሰው ሌላ ነጋዴ ነው፤ የእሳቸው አፋቸው ብቻ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እናቴ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ማንጎ በበላን ቁጥር ነጩን ጨርቅ እንዳናቆሽሸው እጃችንን እየታጠብን ሳምንት ሙሉ ሠራን። እናቴ በሥራ ቀልድ አታውቅም። ሦስት ድርብ ካልሆነ አትቀበልም። የሰፋሁትን ታስለብሰኝና ክብሪት ጭራ አፌ ፊት ይዛ "በይ እፍ በይ!" ትለኛለች። እሳቱ ከጠፋ ማስኩ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድም ክብሪት አላጠፋሁም፤ እንዴት እንደኮራሁ!

የእደላው ቀን አቶ ገረመው "አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ከእኔ ጋር ነሽ" ብለው ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወሰዱኝ። ዓሣ አጥማጆቹና ሴቶቹ በተርታ ቆሙ። እሳቸው አንድ በአንድ ያጠልቁላቸዋል፣ ካሜራው ያነሳል። ሲያልቅ ባዶ ማዳበሪያ አቀበሉኝ።

"ሰብስቢ። ነገ ቁንዝላ ሌላ እደላ አለን።"

"ከፊታቸው ላይ አውልቄ?"

"ታዲያ ከኪሴ ላውጣ? ለእነዚህ ሌላ ጊዜ ይሰጣቸዋል።"

ሳምንት ሙሉ ክብሪት ላይ እፍ ስትል የከረመች ልጅ፣ አንዱ የተነፈሰበትን ሌላው አፍ ላይ ልታስር "እሺ" አለች! የራሴን ማስክ እንዳጠለቅሁ ማዳበሪያውን ዘርግቼ ዞርሁ። የሳቀም ሳቀ፣ የተሳደበም ተሳደበ፣ ሁሉም መለሰ። አንዲት ዓሣ ሻጭ ብቻ ማስካቸውን በእጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። በሌላው እጃቸው ፔርሙስ አለ።

"ልጄ፣ ሽማግሌዬ ሆስፒታል ተኝቷል። ያለ ማስክ አትገቢም ብሎ ዘበኛው ትናንት መለሰኝ። ይችን አጥሚት ላድርስለትና ራሴ አመጣልሻለሁ፤ ወላሂ!"

"ቶሎ በይ እንጂ!" አሉ አቶ ገረመው ከመኪናው ውስጥ።

ላስቲኩን ከጆሯቸው ላይ ሳብሁት። ከዚያ መኪና ገብቼ፣ ፎቶው ላይ እንዴት እንደወጣሁ ጠየቅሁ። ማታ እናቴ "ደስ አላቸው?" ስትለኝ "በጣም" አልኋት።

እኒያን ሴት አሁን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ እማማ ዘይነባ ይባላሉ። ዓሣ የምገዛው ከእሳቸው ነው። ትናንት ዓሣ እያጸዱልኝ የአቶ ገረመውን ነገር ብናነሳ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ያንን ቀን ነገሩኝ። የሆስፒታሉ በር ላይ እስከ መግሪብ ቆመዋል። በመጨረሻ አንድ የሚወጣ ሰው የራሱን ከፊቱ አውልቆ ሰጣቸው።

"አላህ ይስጠው፣ ገባሁ። ሽማግሌዬን ግን ገንዘውት ደረስሁ።" ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ሰውዬው እንኳ ይሁን፤ ዱሮም እናውቀዋለን። ያች ልጅ ናት! እጇ አልተንቀጠቀጠም።"

"ቢያዩዋት ያውቋታል?" አልሁ።

"በምን አውቃታለሁ? ፊቷ ተሸፍኗል።"

ሊሰናበቱኝ ሲሉ አንድ ቆሮሶ ዓሣ መረቁልኝ፤ "ለእናትሽ" ብለው።

ስንት ዓመት አቶ ገረመውን ስንቃቸው ኖርሁ። እሳቸው እንኳ የሚያደርጉትን ሁሉ ፊታቸውን ገልጠው ነው የሚያደርጉት። እኔ የተመረቀልኝን ዓሣ ይዤ ገባሁ፤ ጠብሼም በላሁት።