የሞት ጥሪ ሰምተው ገመዱን ያልለቀቁት ሸህ

ጊዜው በኢሕአዴግ ዘመን፣ ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ ቦታው ደሴ ዙሪያ፣ እኛ ቀበሌ። ዛሬም ነፋስ ሲነሣ ያ ረፋድ ይመጣብኛል። ሰው ሲያወራው «ሁሉም ገመዱን ለቀቀ» ይላል። ልክ አይደለም። እኔ ነበርሁ፤ እንደነበረው ልጻፈው።

ቀበሌያችን መብራት አልነበረውም። ከጋራችን ላይ ሆነን የኮምቦልቻን መብራት ቁልቁል እናያለን፤ እኛ በኩራዝ ነን። እኔ ትምህርት የጀመርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ ፊደል የቆጠርሁት በኩራዝ ጭስ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በጋራ የነፋስ ተርባይኖች ለማቆም ሲነሣ ከማንም በላይ የጓጓሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ምሰሶዎቹ ኮምቦልቻ ተበይደው መጡ። ክሬን በእኛ መንገድ አይወጣም፤ ያቆማቸው ቅሬው ነው። ቅሬ በእኛ አገር የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ዳኛው ሸህ ይማም ነበሩ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ የሞት ጥሪ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይነሣል። በሬዬን ልፍታ ብሎ የዘገየ እንኳ ይቀጣል።

የመጨረሻውን ምሰሶ የምናነሣ ዕለት ሰዉ ከፊት ገመድ ይጎትታል። ምሰሶው ቀና ባለ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከሥሩ ገብቶ በባላ ይደግፈዋል። እኔ ከገመዱ ጫፍ ነኝ። ሸህ ይማምና ቄስ መኮንን ከፊት ጎን ለጎን ሆነው ይጎትታሉ፤ ይጎሻሸማሉም።

«ቄሱ፣ በጦም አንጀት ነው እንዴ የሚጎትቱት? በእርስዎ በኩል ላልቷል!»

«እርስዎ ዱዓውን ያድርጉ ሸሁ፤ ጉልበቱን ለእኛ ይተዉት!»

ሳቅን። ምሰሶው ከግማሽ በላይ ቀና እንዳለ ከማዶ የቅሬው ለፋፊ ድምፅ መጣ።

«ያልሰማህ ስማ! የሸህ ይማም እህት፣ ዘይነባ፣ ወደ አኼራ ሄደች!»

እጅ የለመደውን ያደርጋል። ብዙዎች ለቀቁ። ገመዱ መዳፌን ልጦኝ ሾለከ። ምሰሶው ወደ ኋላ ተንገዳገደ፤ ባላው ተሰነጠቀ። ሰይድ ከሥሩ ነበር። 

«ያዙ!» አሉ ሸህ ይማም። ገመዱን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ተክለዋል። «ማነው የለቀቀ? ያዙ እንጂ!»

ቄሱም አልለቀቁም። እያለቀሱ «እርስዎ ይሂዱ ሸሁ፣ እኛ እንይዘዋለን» አሏቸው።

«እሷ አሏህ ዘንድ ደርሳለች። ከሥር ያለው ልጁ ነው። ሳብ!»

የለቀቁት ተመልሰው ያዙ። ሰይድ ተንፏቅቆ ወጣ። ነገር ግን ምሰሶው እዚያ ላይ ቢለቀቅ ከሥሩ ብሎን የሚያስሩትን ሰዎች ይዞ ይወድቃል። ሸሁ ምሰሶው ቀጥ ብሎ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ ገመዱን ከወገባቸው አልፈቱም። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ስለተያዘ አልጠረጉትም።

ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ለምነው ፊታቸውን ታጥበው ወደ እህታቸው ቤት የወረዱት። ሁላችንም ተከተልናቸው፤ ጀናዛው ሳይመሽ ተቀበረ።

ለቅሶ ቤት ሰይድ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው ከለከሉት።

«ተው። ይልቅ በእግርህ ቆመህ ለቀብሯ ስለደረስህላት አሏህ ይስጥልኝ» አሉት።

ተርባይኖቹ መዞር የጀመሩት ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ነው። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አምፖሉ ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልልታው አልመጣልኝም፤ ዓይኔ የሸሁ ወገብ ላይ ነበር።

ማንበብ እወዳለሁ። ሕግ በማጽናቱ የሚመሰገን ሰው በመጽሐፍም በአገሬም ሞልቷል። ራሱ ያጸናውን ሕግ፣ በገዛ እህቱ ሞት ቀን፣ ለሰው ልጅ ነፍስ ሲል የሻረ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁ።