የሰፈሩ ፖስታ ሳጥን ቁልፍ

በደርግ ዘመን ፒያሳ ላይ ሰዓት እጠግን ነበር። ሱቄ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ነገር ነበረች፤ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ መስኮት፣ ከጀርባዬ ደግሞ የሚጠገኑ ሰዓቶች የማስቀምጥበት ትንንሽ መሳቢያ የበዛበት ቁም ሳጥን። ከዚህ ሌላ የነበረኝ ሀብት ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርዶ ካለው ፖስታ ቤት የተከራየኋት አንዲት የፖስታ ሳጥን ናት። የተከራየኋት የሰዓት ዕቃ ከውጭ ይላክልኛል ብዬ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ዕቃው ቀረ፣ ሳጥኗ ግን አልቀረችም።

መቼም በእኛ አገር ፖስተኛ ቤት አያንኳኳም። ሳጥን የሌለው ሳጥን ያለውን ይለምናል። መጀመሪያ የለመነኝ ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤቴ ነው። «ወንድሜ ከአሥመራ የሚጽፍልኝ በአንተ ሳጥን ይሁን?» አለኝ። «ይሁን» አልኩት። አንድ «ይሁን» ስንት ጣጣ እንደሚወልድ ማን ነግሮኝ! በሳምንቱ ሚስቱ መጣች፤ ቀጥሎ የሚስቱ ንስሐ አባት፤ ከዚያ ዶሮ ማነቂያ ሰማ፣ እሪ በከንቱ ሰማ፣ ሠራተኛ ሰፈር ሰማ። አንዷማ ከአራት ኪሎ ድረስ መጥታ «ለእህቴ የእርስዎን ሳጥን ቁጥር ሰጥቻታለሁ» አለችኝ። ማስፈቀዷ አልነበረም፤ ማሳወቋ ነው።

ሳጥኗ አልበቃ አለች። በቀን አንዴ የነበረው ምልልሴ ሁለቴ ሆነ፤ ካልሆነ ደብዳቤው ተጠቅጥቆ በሯ አይከፈትም። ሰዓቶቹን አንድ ላይ በካርቶን አጎርኩና መሳቢያዎቹን ለደብዳቤ ለቀቅሁ። አንድ ስም ከነአባቱ ለሦስት ሰው ሲደርስ ጊዜ «ከስም ቀጥሎ ሥራና ሰፈር ይጻፍ» ብዬ ሕግ አወጣሁ። በዚያን ጊዜ ሕግ የማያወጣ ሰው አልነበረም፣ እኔ ምን ቁርጥ አድርጎኝ እቀራለሁ?

የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ሽጉጡን እንደታጠቀ ሱቄ ገባ። «ጓድ፣ ይህ ሁሉ ደብዳቤ ምንድነው?» አለኝ። የሰፈሩ ሕዝብ ደብዳቤ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም፣ እኔ ከሰዓት በስተቀር የማውቀው የለም፣ እያልኩ ቀባጠርኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝና ወደ መንገዱ ገልመጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታናሽ ወንድሙ ውጭ አገር እንዳለና የእሱም ደብዳቤ በእኔ ሳጥን ቢሆን እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱም መሳቢያ አገኘ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንኖር አንዲት ልጅ እግር ሴት ደብዳቤዋን ከእጄ ተቀብላ እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ቀደደችው። አባቷ ሞተዋል። ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በጠራራ ረፋድ፣ ከሰዓት ሠሪ እጅ መርዶ ተቀበለች። ልጅቱ አስፋልት ላይ ስትንከባለል መንገደኛው ሁሉ እኔን ነው ያፈጠጠብኝ። «መርዶ በመስኮት የሚያድል» የሚል ስም ወጣልኝ፤ አራዳ ደግሞ ስም ካወጣ አይፍቅም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላው ከወሎ መጥተው ፒያሳ ያረጁ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ። ጠሩኝና መከርን። ከዚያ በኋላ ከወትሮው ላኪ የተለየ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ከታችኛው መሳቢያ እንዲቆይና በሽማግሌ እጅ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ልጅ ሲሞት፣ አባት ሲሞት፣ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነዋ። እኔም የሰዓት ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ የሰው ፊደል ስመረምር እውል ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ላይ የቆየውን ደብዳቤ ቀድመው ከፍተው ያዩት ነበር። ታዲያ አንዱን ሲከፍቱት መርዶ ሳይሆን የአንድ የተከበረ የሰፈራችን አባወራ ሁለተኛ ሚስት ከናዝሬት የጻፈችው ሆኖ ተገኘ። ያ ቤት ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው «የሰው ደብዳቤ ባለቤቱ በሌለበት አይከፈትም» ብለው ደነገጉ። እናም የተጠረጠረ ደብዳቤ እንደታሸገ፣ በንጋት፣ ሁለቱም ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ባለቤቱ ቤት ተወስዶ ይከፈታል ተባለ። ሁለቱም ሕግ ለየብቻው ደህና ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። ስማቸውን ብጽፍ ከመቃብር ተነስተው ይገስጹኛልና እትዬ ብቻ ይበቃል። የአንድ የፒያሳ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ። አንድ ልጅ አላቸው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው። ፊደል ስለማያውቁ የልጁን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ልጁ «መ»ን ሲጽፍ ሁለቱን ቀለበት እኩል አያደርጋቸውም፤ የግራዋ ሁልጊዜ ታብጣለች። ከሺህ ፊደል መካከል እለየዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ለእትዬ የመጣው ደብዳቤ ላይ ያበጠች «መ» የለችም። የልጁ ስምና ክፍል ጀርባው ላይ አለ፣ እጁ ግን የእሱ አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ የተማረ ሰው እጅ ነው። ማጉያዬን ሰክቼ ደጋግሜ አየሁት። ከታችኛው መሳቢያ ከተትኩት።

ጸሐፊው ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ግን ለዘመድ ጉዳይ ወሎ ሄደዋል። ያለ ሐጂ መርዶ አይሆንም፤ ጸሐፊው ሲያረዱ የፍርድ ውሳኔ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። እንጠብቅ ተባለ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ከሳምንትም ዘለለ።

ሰፈሩ ደግሞ አውቋል፤ ማን ነገረው አይባልም። ሴቶቹ ለእትዬ ወጥ በሳህን ይልኩላቸዋል። ስለ ልጃቸው የሚጠይቃቸው ጠፋ። ሰላምታው ረዘመ። እትዬ ሞኝ አይደሉም፤ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ በመስኮቴ ብቅ ይላሉ፤ እጃቸው በሳሙና እንደነጣ።

«ደብዳቤ የለም?»

«የለም እትዬ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም የለም።»

መሳቢያው ከጉልበቴ አጠገብ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ የለም እላለሁ። እሳቸው «እግዜር ይስጥህ» ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ እያልኩ ቀናቱን ስገፋ ለእሳቸው መልካም የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

ሐጂ አርብ ማታ ገቡ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተሰበሰብን፤ ጸሐፊው፣ ሐጂ፣ ሊቀመንበሩ፣ እኔ፣ ከኋላችን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት አጥር ጥግ አስደግፈው ነበር። እትዬ በሩን ከፍተው ሲያዩን ማንም ቃል ሳይናገር ገባቸው። መሬት ወደቁ። ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት፤ አንዷ የእትዬን ነጠላ አዘቅዝቃ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው።

ጸሐፊው በሥርዓቱ መሠረት ደብዳቤውን አሳይተው፣ ቀደው፣ ማንበብ ጀመሩ። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ልቅሶው ባሰ። በአገራችን ደህና ነኝ ብሎ የማይጀምር ደብዳቤ ስለሌለ ያንን ማን ይሰማዋል? ጸሐፊው ቀጠሉና ድንገት ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ዝም በሉ» አሉ። «ዝም በሉ እስቲ።»

ከመጀመሪያው አነበቡት። ቀኝ እጁ ቆስሏል። ደብዳቤውን የሚጽፍለት ጎኑ የተኛ ጓደኛው ነው። ያለው እዚሁ አዲስ አበባ፣ የወታደር ሆስፒታል ነው፤ መውጣት አይፈቀድም፣ ጠያቂ ግን ይገባል። «እስከሚቀጥለው ሳምንት አርብ እዚህ ነኝ። ከዚያ ይመልሱናል። እማዬ፣ ነይ።»

ያ አርብ ትላንት ነበር።

ፖስታውን ከጸሐፊው እጅ ነጥቄ አየሁት። ማኅተሙ አዲስ አበባ ይላል። በማጉያ ስመረምረው የሰነበትኩት ፖስታ ላይ፣ ያለ ማጉያ የሚነበብ ማኅተም። ፊደሉን እንጂ ማኅተሙን አንድም ቀን አላየሁትም።

እትዬ የለቅሶ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሮጡ። ተከተልናቸው። የሆስፒታሉ ዘበኛ የጠያቂ ሰዓት ገና ነው ብሎ በሩ ላይ ቢያግደን ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ነካ ነካ እያደረገ «ገለል በል» አለው። ያ ሰውዬ ሥልጣኑን ለደግ ነገር ሲያውል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አልጋው ባዶ ነበር። ጎኑ ያለው አልጋ ላይ ሁለት እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ወጣት ተኝቷል። እትዬን ሲያይ ቀና አለ።

«እናቱ ነዎት? ትላንት እኮ ነው የወሰዱት።»

እትዬ የባዶውን አልጋ ብረት ያዙ።

«የጠያቂ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጥ ነበር» አለ። «ምናልባት አልደረሳት ይሆናል ስለው፣ የሳጥኑ ሰውዬ የታመነ ነው፣ ደብዳቤ በእጁ አያድርም ይለኝ ነበር።»

እትዬ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጡ። አንሶላውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ጫፉን አንስተው አሸተቱ። «ቀይረውታል» አሉ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማንም ነውር ነው አላለኝም፣ ማንም አይዞህም አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

«እትዬ፣ የሰፈሩ ሁሉ...»

«ቁልፉን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ በልቼም አላውቅ፣ ተሻርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ ቸርችል ጎዳናን ወርደው የሰፈሩን ደብዳቤ በአንሶላ ጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ባንኮኒዬ ላይ ይዘረግፉትና ስሙን አንድ በአንድ ያስነብቡኛል። ከዚያ በየቤቱ ራሳቸው ያደርሳሉ። አንድም ደብዳቤ መሳቢያ አላደረም። እንግዳ እጅ የጻፈው ሲገኝ ልቤ አይችልምና «እትዬ፣ ይህ ለሽማግሌ ቢቆይ» እላለሁ። «ሞትም ቢሆን የራሳቸው ነው» ብለው ይቋጥሩታል። ከሰጡ በኋላ ግን አይሄዱም፤ ሰውዬው እስኪያነበው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «እኛ ምን ስንሠራ ነበር?» አሉ።

ከልጃቸው ግን ወሬ የለም። ወራት ሄዱ። ስሞቹን አንብቤ ስጨርስ እትዬ «ሌላ የለም?» ይላሉ፤ እኔም ባዶውን ባንኮኒ አሳያቸዋለሁ። «የለም» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር።

አንድ ጠዋት ከዘረገፉት መካከል ሕፃን ልጅ የጻፈው የመሰለ፣ ፊደሉ ግማሹ የተኛ ፖስታ ወጣ። ለእትዬ ነው። ማጉያዬን ፈልጌ ሰካሁ። ፊደሉ ሁሉ ተንጋዷል፣ ከ«መ» ላይ ግን የግራዋ ቀለበት አብጣለች።

«ራሱ ነው» አልኩ። «በግራ እጁ ነው የጻፈው።»

«ማኅተሙን እይ» አሉ እትዬ።

አየሁት። ሰሜን ነው። ነገርኳቸው።

«አንብብ።»

ሰላምታውን አነበብኩ። እጁ እንደማይታጠፍ፣ ስለዚህም ከወጥ ቤት ሥራ እንደመደቡት፣ ሽንኩርት መላጥ በግራ እጅ እንደለመደ ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ አየሁትና ቆምኩ።

«ለምን ቆምክ?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ቀጣዩ...»

«አትዝለል።»

አነበብኩ። «እማዬ፣ ያኔ ደብዳቤዬን ያላደረሰው ሰዓት ሠሪ ምነው፣ ሞቶ ነው እንዴ? ሞቶ ከሆነ ነፍሱን ይማር። ካልሞተ ግን የእሱ ሰዓት ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ንገሪው።»

የእትዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ስነሳ እየሳቁ ናቸው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እኔም ሳቅሁ፤ ስድቡ ለእኔ ሆኖ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ታረቅን ብዬ፣ በዚያው ወኔ፣ «እንግዲህ እትዬ፣ ይህ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ለጉልበትዎም አይበጅ፤ ቁልፉን ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«መዘግየቱንስ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። «ግን የለም ስትለኝ ዓይኔን እያየህ ነበር።»

የተረፈውን ደብዳቤ ቋጠሩና ቁልፉ ከመቀነታቸው ጫፍ መኖሩን ዳብሰው አረጋግጠው ወጡ። ሳጥኗም እስኪሞቱ ድረስ በእሳቸው እጅ ነበረች።