ወፍጮ ቤቱ የፈረሰበት ዓመት

አባቴ ዳባት ውስጥ በገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ እህል ፈጭተዋል። ወፍጮ ቤቱ እንዲፈርስ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ፊቴን ያየኛል፤ የሆነ ነገር ሊያይበት ይፈልጋል መሰለኝ። ያን ቀን ግን እጄ ይጽፋል፣ እኔ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ወፍጮው በናፍጣ ነበር የሚሠራው። የመብራት ወፍጮ በየሰፈሩ ሲተከል አስፈጪው ቀስ በቀስ ቀረ፤ በኋላ ሞተሩ ተበላሸ፣ መለዋወጫ ታጣ፣ በሩም ተዘጋ። አባቴን ዘበኛ አደረጓቸውና ከግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ወደ እኔ ቤት ይምጡ ብዬ ብለምናቸው፣ "ግቢውን ለማን ትቼ?" ይሉኛል። የሚሰረቅ ነገር አልነበረም። የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳስቷል፣ ሞተሩን ሳማ ወርሶታል።

እኔ በማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ቀን ኃላፊዬ ከክልል የመጣ ደብዳቤ ሰጠኝና "አባዢው" አለኝ። አገልግሎት ያቆሙ የማኅበርና የመንግሥት ቤቶችን ለሕዝብ ጥቅም ለማዋል በጀት መፈቀዱን፣ ከተማችንም አንድ ቦታ መርጣ እንድታቀርብ ይገልጻል። ቦታው የት እንደሚሆን ወዲያው ገብቶኛል። ቅጂውን ጨርሼ ምሳ በላሁ። ለአባቴ ሳልነግራቸው ሦስት ሳምንት አለፈ። ፈርቼ አይመስለኝም፤ እንዲሁ አልነገርኳቸውም።

ስብሰባው የተጠራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከደባርቅ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳ፤ አዳራሽ ይሠራል፣ ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች አራት ሱቅ፣ ሽንት ቤትም አለ። ሰው ተስማማ። ለምን አይስማማ? ልጆቹ ቤት ውለዋል። ሐሳብ ያለው ሲባል አባቴ ተነሡ። ወፍጮው ጆሯቸውን ስላደከመው ሲናገሩ ይጮኻሉ።

"ሴቶቹስ?" አሉ።

"የትኞቹ ሴቶች፣ አባባ?" አለ መሐንዲሱ።

"በገበያ ቀን ከገጠር ተሸክመው የሚመጡት። ድሮ በሩ ላይ የድንጋይ መደብ ነበር። ጀርባዋን አዙራ ትጠጋና ሰው ሳትለምን ሸክሟን ታሳርፋለች። ስትሄድም ሳትንበረከክ ታነሣዋለች። መኪና ይግባ ብለው አፈረሱት። አሁንም ሥዕሉ ላይ አላየሁትም።"

"መደብ በዲዛይኑ አልተካተተም፣ አባባ። በጀቱ የሚለቀቀው በጸደቀው ዲዛይን ብቻ ነው።"

"እኔ ብር መች ጠየቅሁ? ድንጋዩ ያው እዚሁ አለ።"

ሰው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው "ይመዝገብ" አሉ። "አንድ ነዋሪ የሸክም ማሳረፊያ መደብ ቢታሰብበት ብለዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው ሊጀመር ሲል አባቴ ክፍሏን እንዲለቁ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ያደረስኩትም እኔው።

"አንብቢልኝ" አሉኝ። ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ደህና ነው። ስሜን አላሳሳትሽም።"

የመኝታ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወጡ። ባጃጅ ይዘን ጎን ለጎን ተቀመጥን። አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ቤቴ ደረስን፤ ወርጄ በሩን ከፈትኩ።

ግድግዳው ፈርሶ አዲሱ መሠረት እንደወጣ የአካባቢው ጸጥታ ደፈረሰ፣ ሥራው ቆመ። መሠረቱ ላይ ሁለት ክረምት ዘነበ። አባቴ ስለ ግቢው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሥራው እንደገና ሲጀመር ግን ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው እየሄዱ ከግንበኛው ጋር ይውሉ ጀመር። ግንበኛው ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን ወረቀት ላስፈርም ስሄድ ሁለቱ ከአሮጌው ግድግዳ የተረፈውን ድንጋይ ከበው ቆመዋል።

"መደቡ ምን ያህል ከፍ ይል ነበር፣ አባቴ?" ይላል ግንበኛው።

አባቴ አዩኝና "ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ" አሉ። ቆምኩ። "ጀርባሽን አዙሪ። እናትሽ በአንቺ ቁመት ነበረች፤ እዚህ ልታስፈጭ ወረፋ ስትጠብቅ ነው ያወቅኋት።" ከሞተች ጀምሮ ስለ እናቴ ሲናገሩ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ግንበኛው የመለኪያ ክሩን ወገቤ ላይ አስጠጋና ምልክት አደረገ። ክሩ እርጥብ ነበርና በሹራቤ አልፎ ቀዘቀዘኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ወረቀቱን ሳላስፈርም ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፣ ከዚያ አለፈ።

በርክክቡ ቀን መሐንዲሱ ከአጥሩ ውጭ የተገነባውን መደብ አይቶ ቆመ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ተርፎ ነው" አለ ግንበኛው።

መሐንዲሱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ትንሽ አቆየው፤ ከዚያ ምንም ሳይጽፍ ወደ አዳራሹ ገባ።

አሁን ከአራቱ ሱቆች ሁለቱ ተከፍተዋል። በአንደኛው የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ በሌላው ጸጉር ይቆረጣል። የቀሩት ተቆልፈው ይውላሉ። በገበያ ቀን ሴቶች ሸክማቸውን መደቡ ላይ ያሳርፋሉ፤ ነጭ ሽንኩርት ዘርግታበት የምትሸጥም አለች፤ እሷን ተነሺ እያሉ ይጣሏታል። አባቴ ወደዚያ መሄድ ትተዋል፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ስብሰባ የሚደረገው በአዲሱ አዳራሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነኝ። ማታ ስገባ "ዛሬ ምን ጻፍሽ?" ይሉኛል። ጠጋ ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ሁሉንም ይሰሙት አይሰሙት አላውቅም፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እራት እንበላለን።