የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በራጅ ማሽኑ ፊት

ከደብረ ታቦር ልወጣ ዋዜማ እናቴ ሻንጣዬን እየዘጋች፣ «እዛ አገር የእናትሽ ሥራ ምንድን ነው ቢሉሽ፣ ነጋዴ ናት በይ» አለችኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በኛ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፤ ድስቷን ይገዟታል፣ ቡዳ ናት ብለው ደግሞ ልጃቸውን ይሸፍኑባታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም ነጋዴ ናት ስል ነው የኖርኩት።

ጀርመን ገባሁ። የጉና ተራራ ግርጌ ሰው ነኝና ብርዱ አላስደነገጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። በመጀመሪያው እሑድ አከራዬ በሬን አንኳኳች።

«ምን እየወቀጥሽ ነው?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«እሑድ እኮ ዕረፍት ነው።»

«ሆዴ ግን አላረፈም» አልኳት።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ ለሦስት ወር የሙከራ ቅጥር። ከየአገሩ የመጣው የሸክላ አፈር ተፈጭቶ ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሞላል። ማሽኑ በየተራ ራጅ ይለቅበትና፣ ጨረሩ እንዴት እንደተበተነ አይቶ የትኛው ማዕድን እንዳለበት ይናገራል። በቀን መቶዎች ያልፋሉ፤ የሚፈለገው ማዕድን የለበትም፣ አይረባም ያለው ይጣላል። ሥራው እንዲፈጥን ዱቄቱን በመስታወት ተጭኜ እንዳስተካክል ታዘዝኩ።

ሸክላ ግን ሲጫኑት ቅንጣቶቹ እንደ ቅጠል ይተኛሉ፤ እናቴ ድስቱን በለስላሳ ጠጠር ስታሸው የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው። የተኛ ደግሞ ለጨረሩ አንድ ጎኑን ብቻ ያሳያል፤ ማሽኑም ይሳሳታል። ምሳዬን ትቼ ከተጣሉት አሥሩን ሳልጫን ሞላኋቸው። ስድስቱ የሚረቡ ሆነው ወጡ!

ውጤቱን ለአለቃዬ ለዮርግ አሳየሁት፤ እሱ ግን አሥሩም አይረቡም የሚለውን የድሮውን ሪፖርት አቀረበልኝ።

«ፈርሚ።»

«ስህተት ነው፣ አልፈርምም።»

«የሙከራ ጊዜሽ ዓርብ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ?»

«ሙከራው ያልቃል፤ ስህተቱ ግን አያልቅም።»

«ሳይጫኑ መሙላትን ማን አስተማረሽ?»

ነጋዴ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። አንገቴን ደፍቼ የኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንገፈገፈኝ።

«እናቴ!» አልኩት ጮክ ብዬ። «ሸክላ ሠሪ ናት።»

አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ድስቱን መቼና በምን እንደምታሸው ጠየቀኝ። ስለ ዓርብ ግን ምንም አላለም።

ከሥራ ስወጣ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ሥራሽን ነገርኳቸው።»

«ሸሹሽ?»

«ኧረ አልሸሹኝም። እንዴት እንደምትሠሪ ጠየቁኝ።»

«እኔን?»

«አዎ፣ አንችን።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «አለሁ» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ገበያ ስወጣ፣ ስንት ነው ከማለት በቀር እንዴት ሠራሽው ያለኝ አንድ ሰው የለም።»