ርክክብ ላይ ያልተጠየቀው

ወንድሜ ጋምቤላ ከተማ መምህር ነበር። እኔ ዘጠነኛን ስጨርስ ወደ እሱ ሄጄ አሥራ ሁለተኛን እዚያው ጨረስኩ። የምንኖረው በመምህራን ግቢ፣ በመንግሥት ቤት ነው።

ከጎናችን የሚኖረው መምህር ወደ ደጋ ዝውውር ሲደርሰው ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጫነ። ቁልፉን፣ አልጋውን፣ ሁለት ወንበሩን ለንብረት ክፍሉ ሰውዬ አስረክቦ ክሊራንሱን አስፈረመ። ቡናማው ውሻው መኪናው ሥር ተኝቷል።

«ውሻህስ?» አለው ወንድሜ።

«የግቢው ነው። ግቢውን ይጠብቅ።»

ተዛውሮ የሚሄድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ውሻው መኪናውን እስከ አስፋልቱ ተከትሎ ሮጠ። ከሰዓት ብቻውን ተመለሰ። ቤቱ ሰው ሳይገባበት ቀረ፤ እሱ ግን እዚያው በር ላይ ይተኛ ነበር።

ወንድሜ ለሚያሳድጋት ድመት ከሚሰጣት ለእሱም ይጥልለታል። የእኛ ቤት ትራፊ ግን ውሻ አያጠግብም። ከሳ። ቄራ መሄድ ጀመረ፤ እዚያ ያሉት ውሾች ነክሰው ሰደዱት። ክረምቱ ሲገባ ጠባዩ ተለወጠ። አንድ ጠዋት ወንድሜ ምግብ ሲያቀርብለት እጁን ነከሰው።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ የማውቀው ውሻ እኮ ነው። የመንገድ ውሻ አደረግኸው?» አለና በሳሙና ታጠበ።

እኔም አልጨቀጨቅኩትም። የመንገድ ውሻ ቢሆን ያኔውኑ ሄዶ ይከተብ ነበር። ባለቤት ያለው ውሻ ስለሆነ... ስለነበረ፣ አመነው። ውሻው በዚያው ሰሞን ጠፋ። አልፈለግነውም።

ከወር በላይ ቆይቶ ወንድሜ ውሃ መጠጣት አቃተው። በዚያ ሙቀት። ብርጭቆውን ሳስጠጋለት ጉሮሮው ይያዛል። ሆስፒታል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚረዳው ሕመሙ ሳይጀምር ነው አሉኝ። አራት ቀን ቆየ። ስለ አራቱ ቀን መጻፍ አልችልም።

ቤቱን ላስረክብ ቀረሁ። ያው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መጣ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ውሻ ጥሎ የሚሄድን የሚቀጣ ሕግ ቢኖር ወንድሜ አይሞትም ነበር።»

«ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። ሕግ ቢወጣ ሰው ጥሎ አይሄድም፤ መርዞ ይሄዳል። ደግሞ ከሳሹ ማነው? ውሻው?»

ግን አንድ ወንበር ቢጎድል ያ መምህር ክሊራንስ አያገኝም ነበር። ስለ ውሻው የሚጠይቅ መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ቢኖር ቢያንስ ቆሞ ያስብ ነበር፤ ለአንድ ሰው ይሰጠው ነበር።

ሰውዬው አልጋውን አየ፣ ወንበሮቹን ቆጠረ፣ ቁልፉን ተቀበለኝ።

«ሌላ የቀረ አለ?»

የወንድሜ ድመት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። አውቶቡስ ድመት አይጭንም ብዬ አሰብኩ። ማንንም ግን አልጠየቅኩም።

«የለም» አልኩና ፈረምኩ።

ሕጉ አሁንም እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ያ መምህር እንዲቀጣ እፈልጋለሁ። ሲወጣ እኔንም እንደሚይዘኝ አውቃለሁ።

ቤት እንደደረስኩ፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ እናቴ «ድመቷስ?» አለችኝ። ወንድሜ በስልክ ስለ ድመቱ ያወራላት ነበር።

«ጎረቤት ወሰዳት» አልኳት።