ሌባው የሰረቀው መኪና ባለቤት ሊያደርገኝ ነበር

«የሱ ነው!» ብሎ መኪና ሻጩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ዛሬ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የምጭንበት አሮጌ የጣሊያን መኪና ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻጩ «ከወልቂጤ ነው የመጣሁት፤ ከጣሊያኖቹ የገዛሁት ነው» አለኝ።

በቅሎ ስገዛ ጋማዋን ገልጬ የባለቤቷን ምልክት መፈለግ ልማዴ ነው። (መኪና ጋማ የለውም ብላችሁ አትሳቁብኝ።) በሩ ላይ ያለውን አዲስ ቀለም በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው፣ ከሥሩ የጣሊያን ጦር ምልክት ብቅ አለ። የተሰረቀ ነው!

ዞር ስል ሁለት ካራቢኜሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ከነአስተርጓሚያቸው ቆመዋል።

«መኪናው የማን ነው?»

ሻጩ እኔን ያሳየው ያን ጊዜ ነው። በዚህ በጣሊያን ዘመን የጦሩን ንብረት ይዞ የተገኘ ሰው እንደሚረሸን ታውቃላችሁ።

አብሮኝ የሄደው ጎረቤቴ ሸምሱ ጮኸ። «ወላሂ እሱ አልገዛውም! ይሄ ሰው ዋስ ሳይመጣ የበቅሎ ገመድ እንኳ አይጨብጥም፤ እጁን እዩት!»

አስተርጓሚው ነገራቸውና እጃችንን አዩ። የሞተር ማስነሻው ብረት ሻጩ እጅ ላይ ነው። ቅድም «እንካ ያዘው» ሲለኝ «መጀመሪያ ያልተሰረቀ ለመሆኑ ዋስህን ጥራ» ብዬው ነበር፤ በገበያችን የጨበጠ ገዛ ነውና።

እሱን ይዘውት ሄዱ። እኔም በባዶ እጄ ቤቴ ገባሁ።

እናንተስ ዋስ ሳትጠሩ ልትጨብጡት የነበረ ነገር የለም? ንገሩኝ እባካችሁ፤ ዛሬ ብቻዬን ፈርቼ አልደር።